እርሳስና ፎርማ፦ የጥይት ማፍሰስ ሙያ ከጥንት እስከ ዛሬ

በዋግ ኽምራ፣ ከሰቆጣ እስከ ደሃናዋ አምደ ወርቅ፣ ጠመንጃ የክብር ምልክት ሆኖ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። ጨዋታው ሁሉ ግን ስለ ጠመንጃው ዓይነትና ስለ ተኳሹ ጀግንነት ነው። ጥይቱን ማን አፈሰሰው? በምን ፎርማ ወጣ? እርሳሱስ ከየት መጣ? ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የሀገራችንን የጦር ታሪክ ከጠመንጃው ይበልጥ የሚያስረዳው ግን ጥይቱ ነው። ጥይት በየቤቱና በየሠፈሩ መፍሰሱ ሲቀር ጦረኛው ጠመንጃውን ይዞ የባዕድ እጅ ጠባቂ ሆነ። ይህ ዳሰሳ የፎርማውን አመራረጥ፣ ሙያው በኢትዮጵያ የሄደበትን መንገድና ዛሬ የደረሰበትን ይቃኛል።

ፎርማ የሚመረጠው በጠመንጃው ነው

በአፈሙዛቸው በኩል የሚጎርሱት የጥንት ጠመንጃዎች በእጅ የተሠሩ ስለነበሩ የአንዱ አፈሙዝ ስፋት ከሌላው ጋር እኩል አይሆንም ነበር። ጥይቱ ካነሰ የባሩዱ ጋዝ በጎኑ ያመልጥና ኃይሉ ይባክናል፤ ከተለቀ ደግሞ አይገባም። ስለዚህ በአውሮፓ ብዙ ጠመንጃና ሽጉጥ ከነፎርማው ይሸጥ ነበር። ፎርማው እንደ ጉጠት ሁለት እጀታ አለው። ሁለቱ ክንፎች ሲገጥሙ መሐላቸው ላይ ክብ ጎድጓድ ይፈጠራል። የቀለጠው እርሳስ ከላይ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ይፈስሳል፤ ሲረጋ ክንፎቹ ተከፍተው የእርሳሱ ጥይት፣ አረሩ፣ ይወድቃል። በቀዳዳዋ ልክ የቀረችው ጭራ ተቆርጣ ለሚቀጥለው ማቅለጫ ትመለሳለች።

ፎርማው የተሠራበት ነገርም ለውጥ ያመጣል። ጥንት ለስላሳ ድንጋይ እየተፈለፈለ ይሠራበት ነበር። የብረት ፎርማ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ዝገት ግን ይፈታተነዋል። ናስ ሙቀቱን አከፋፍሎ ስለሚይዝ አረሩ ወጥ ሆኖ ይወጣል፤ ክብደቱ ግን እጅ ያደክማል። አሉሚኒየም ቀላልና ርካሽ ሲሆን ቶሎ ይጎዳል። ዛሬ በአሜሪካና በአንዳንድ የአውሮፓ ሀገሮች ሕግ የፈቀደላቸው የዒላማ ተኳሾች ለሽጉጣቸው ፎርማ ሲመርጡ የሚያመዛዝኑት ይህንኑ ነው። ከዚያ በላይ የሚያዩት የአፈሙዙን ልክ፣ የአረሩን ክብደትና የጫፉን ቅርጽ፣ እንዲሁም እርሳሱን ለማጠንከር የሚጨመረውን የቆርቆሮና የአንቲሞኒ መጠን ነው።

ሙያው ቤት ውስጥ ሊገባ የቻለው በእርሳስ ጠባይ ምክንያት ነው። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ የማገዶ እሳት ይበቃዋል። ነሐስ 950 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል፤ ብረት ደግሞ ከ1500 በላይ።

እርሳስ የሌለው ሀገር

ነፍጥ በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ጎልቶ የታየው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1533 ዓ.ም. የጦር አዛዡ ክሪስቶፈር ዳ ጋማ 400 ያህል ፖርቱጋሎችን ይዞ ገባ። በዓመቱ ከዋግ በስተምሥራቅ በአሸንጌ ሐይቅ አካባቢ ወፍላ ላይ በአዳሉ ኢማም አሕመድ ጦር ተሸንፎ ተገደለ። ኢማሙም በ1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ ውጊያ በጥይት ተመተው ወደቁ። ከዚያ ወዲህ ነፍጥ የሌለው መኮንን አቅሙ የተወሰነ ሆነ።

ባሩዱን የሀገር ሰው ከድኝ፣ ከጨው ፒተርና ከከሰል ያዘጋጅ ነበር። አስቸጋሪው እርሳስ ነው፤ በብዛት የሚመጣው ከባሕር ማዶ በምፅዋ በኩል ሲሆን፣ የወደቡን በር የያዘ ሁሉ ሊዘጋው ይችላል። እርሳስ ሲጠፋ የተቀጠቀጠ የብረት አረር ይተካል። ብረት ግን አፈሙዝ ይፍቃል፤ እንደ እርሳስም ለስፋቱ አይታዘዝም።

የማፍሰስ ጥበብ ራሱ ለሀገሩ ሰው እንግዳ አልነበረም። በላስታና በአካባቢው የሚታዩት የመጾር መስቀሎች ብዙዎቹ በሰም ተቀርጸው፣ በጭቃ ተለብጠው፣ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ በቦታው ናስ ወይም ነሐስ እየፈሰሰ የወጡ ናቸው። ሙያው ነበረ፤ ባለሙያው ግን አልተከበረም። ማረሻውን፣ ጦሩንና አረሩን የሚሠራው ሰው «ጠይብ» እየተባለ ይሰደብ፣ ቡዳ እየተባለም ይፈራ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። አዋጁ የወጣው ግን ሙያው ብዙ ዘመን ተንቆ ከቆየ በኋላ ነው።

ጋፋትና የዋጉ ንጉሥ

መሣሪያን ከውጭ የመጠበቅን ጉድለት በሚገባ የተረዱት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። መሣሪያ ከመለመን መሥራት ይሻላል ብለው፣ በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት ዋልድማየርን የመሰሉ ሚስዮናውያንንና የሀገር ሠራተኞችን አሰባስበው መድፍ እንዲያፈስሱ አዘዙ። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ፤ ንጉሡ ግን አልተዉም። በመጨረሻ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ፈሰሰ። ሠራዊቱ ጎትቶ መቅደላ አደረሰው፤ በ1860 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ጦርነት ግን የታሰበውን ሳያደርግ ቀረ። ጋፋትም ከንጉሡ ጋር ጠፋች።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ የዋግን ሕዝብ በቀጥታ ይነካል። የዋግ ገዥ የነበሩት ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ተቀናቃኛቸው የትግራዩ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ ደግሞ የእንግሊዝን ጦር በመርዳታቸው ከአዛዡ ከጄኔራል ናፒየር መድፍ፣ ጠመንጃና ጥይት ተረክበው ነበር፤ ጆን ኪርክሃም የተባለ እንግሊዛዊም ወታደሮቻቸውን አሠለጠነላቸው። ሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዓድዋ አቅራቢያ አሳም ላይ ሲገጠሙ የተክለ ጊዮርጊስ ሠራዊት በቁጥር እጅግ ይበልጥ ነበር። ድል የሆነው ግን ቁጥሩ ያነሰውና መሣሪያና ሥልጠና የያዘው ጦር ነው። ካሣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሆኑ፤ የዋጉ ንጉሥ ተማረኩ። ከአሳም የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ጀግንነት በሁለቱም ወገን ነበረ፣ ልዩነቱ የመሣሪያና የሥልጠና ነበር።

ቀለህ ሲመጣ

እስከዚያ ዘመን ድረስ ፎርማና እርሳስ ያለው ሰው በአቅሙ ይዋጋ ነበር። ስናድር፣ ረሚንግተን፣ ውጅግራና ለበን የተባሉት ጠመንጃዎች ሲገቡ ነገሩ ተለወጠ። አረሩ፣ ባሩዱና መለኮሻው በአንድ ቀለህ ውስጥ ታሽገው መጡ። አረሩን ማፍሰስ ይቻላል፤ መለኮሻውንና ቀለሁን ግን ያለ ፋብሪካ በልክ ማውጣት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1886 ፈረንሳይ ለበንን ጭስ አልባ ባሩድ አጉርሳ ስታወጣ የተኩሱ ርቀት ተለወጠ፤ ፍጥነቱን የሚችለውም ባዶ እርሳስ ሳይሆን በመዳብ ቅይጥ የተሸፈነ አረር ሆነ።

ምኒልክ ይህን ዐውቀው ከጣሊያን፣ ከፈረንሳይና በጅቡቲ በኩል ከሚመጡ ነጋዴዎች ጠመንጃና ጥይት ሰበሰቡ። ባለቅኔው አርተር ራምቦ ሳይቀር በ1879 ዓ.ም. 2000 ያህል ያረጁ ጠመንጃዎች አምጥቶ ሸጦላቸዋል። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ድል የተገኘው በዚህ ዝግጅት ነው። ጠመንጃው ግን ዓይነቱ ብዙ ስለነበር የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም፤ ይህም ለስንቅ አዳዩ ትልቅ ራስ ምታት ነበር።

ጥይት ከመወደዱ የተነሣ በብዙ ገበያዎች ከማሪያ ቴሬዛ ብርና ከአሞሌ ጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ተገበያዩበት። የአፋር ጨው ይራገፍባት የነበረችው ሰቆጣም በዚህ የንግድ ዓለም ውስጥ ነበረች። መገበያያ የሆነን ጥይት ደግሞ ሰው በከንቱ አይተኩሰውም።

የመጨረሻው ፈተና የመጣው በጣሊያን ወረራ ነው። ኃያላኑ መንግሥታት መሣሪያ እንዳይሸጥ ሲከለክሉ፣ የራሱ ፋብሪካ ያለው ወራሪ ሳይጎዳ ኢትዮጵያ ብቻዋን ተጎዳች። የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በዋግና በላስታ ዐምፀው በ1930 ዓ.ም. መስከረም ተይዘው አንገታቸው ተቆረጠ። በየዱሩ የቀሩት አርበኞች የተዋጉት በአብዛኛው ከጠላት በማረኩት ጥይት ነው።

ዛሬ

አሁን የኢትዮጵያ ጥይት በአምቦ አካባቢ በሆሚቾ ፋብሪካ ይመረታል፤ ሌላ የመከላከያ ድርጅትም በጋፋት ስም ተሰይሟል። በግለሰብ እጅ ያለው መሣሪያ የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። በመሆኑም ያለ ፈቃድ ጥይት ማምረት ከሕግ ጋር ያጋጫል።

የጤናውም ነገር ሊታለፍ አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ መጠን አልታወቀም ይላል። ከሚቀልጥ እርሳስ የሚነሣው ትነትና ብናኝ ልብስ፣ እጅና ወለል ላይ ተጣብቆ ወደ ሕፃናት አፍ ይደርሳል፤ የአእምሮ ዕድገታቸውንም ይጎዳል። የአሮጌ ባትሪ እርሳስ በመኖሪያ ግቢ የሚያቀልጥ ሰው የሚመርዘው የራሱን ልጆች ነው። የአያቶቻችን ሙያ ታሪካዊ ክብር ቢኖረውም ወደ ማድ ቤት መመለሱ አይደገፍም።

መደገፍ ያለበት ቅርሱን ማዳን ነው። በደሃናና በሰቆጣ ከአያት የተረፈ የጥይት ፎርማ፣ የባሩድ ቀንድ ወይም አሮጌ ዝናር በቤቱ ያለው ሰው ለብረታ ብረት ነጋዴ ከመሸጡ በፊት ለአካባቢው የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ያሳየው፤ የማን እንደነበረና በየትኛው ዘመቻ እንደዋለም ያስመዝግብ። ፎርማው አንዴ ቀልጦ ከጠፋ ያንን ታሪክ የሚመሰክር ዕቃ አይገኝም።