አይጧ ድናለች፣ እህቴ ግን ኢንሱሊኗን አታቆምም

ሰሞኑን አክስቴ በቴሌግራም አንድ ቪዲዮ ላኩልኝ። ነጭ አይጥ፣ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው፣ ከሥር ደግሞ በትልልቅ ፊደል «የስኳር በሽታ ሙሉ በሙሉ ዳነ» ይላል። ወዲያው በድምፅ መልእክት አስከተሉ፦ «ልጄ፣ ይኼ ነገር እውነት ከሆነ ለእህትህ ለምን አትነግራትም? ደብቀኸን ነው?» እህቴ ከ14 ዓመቷ ጀምሮ ኢንሱሊን ትወጋለች። ያሳደጉን አክስቴ ናቸው፤ የእሷ መርፌ እሳቸውንም ይወጋቸዋል።

አልደበቅሁም። አይጧ በእርግጥ ድናለች። እንዲህ የዳኑ አይጦችን እኔም በእጄ ይዣለሁ፤ ማስተርሴን ስሠራ ከዓመት በላይ ሥራዬ ይኸው ነበርና። ለአክስቴ በስልክ ያስረዳሁትን ለእናንተም ልጻፈው፤ ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናችሁን ያዙ።

ቆሽትን በአማርኛ የምናስታውሰው ሲያር ብቻ ነው። «ቆሽቴ አረረ» እንላለን እንጂ የት እንዳለ ብንጠየቅ ብዙዎቻችን ወደ ጣፊያ እንጠቁማለን። ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመ አካል ነው፤ አብዛኛው ክፍሉ ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ ሲያመነጭ ይውላል። በ1869 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ፖል ላንገርሃንስ የተባለ ወጣት የሕክምና ተማሪ በርሊን ውስጥ ለመመረቂያ ጽሑፉ ቆሽትን በማይክሮስኮፕ ሲመረምር፣ እዚህም እዚያም ከአካባቢያቸው የተለዩ የሕዋስ ክምችቶች አየ። ምን እንደሚሠሩ አላወቀም። በኋላ «የላንገርሃንስ ደሴቶች» ተባሉ። በሰው ቆሽት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ አሉ፤ ሁሉም ተደምረው ግን ከቆሽቱ ክብደት 1 ወይም 2 በመቶ ቢሆኑ ነው። ኢንሱሊን የሚያመርቱት ቤታ ሕዋሳት የሚኖሩት እነዚህ ደሴቶች ላይ ነው። እህቴን በያዛት በአንደኛው ዓይነት ስኳር፣ የሰውነቷ መከላከያ ጠላት ያገኘ መስሎት የራሷን ቤታ ሕዋሳት ለቅሞ አጥፍቷቸዋል።

የጠፋውን መልሶ የመትከል ሐሳብ ከኢንሱሊን መድኃኒት ይቀድማል። በ1889 ስትራስቡርግ ላይ ዮሴፍ ፎን ሜሪንግና ኦስካር ሚንኮቭስኪ የአንድ ውሻ ቆሽት አወጡ፤ ውሻው ሽንቱን መቋጠር አቃተው፣ ሽንቱም በስኳር የተሞላ ሆኖ ተገኘ። ሚንኮቭስኪ እዚያ አላቆመም። የቆሽቱን ቁራጭ ከውሻው ቆዳ ሥር ሲያኖረው ስኳሩ ሳይመጣ ቀረ፤ ቁራጩን ሲያወጣው መጣ። ይህችን «ሲያወጣው መጣ» የምትለውን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ። በ1893 ብሪስቶል፣ እንግሊዝ ውስጥ፣ አንድ ሐኪም የበግ ቆሽት ቁራጮች በ15 ዓመት ልጅ ቆዳ ሥር ተከለ። ልጁ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ኢንሱሊን ሊገኝ ገና 28 ዓመት ይቀር ነበር።

ሙከራው እንደገና ነፍስ የዘራው ደሴቶቹን ከቆሽቱ ለይቶ ማውጣት ሲቻል ነው። ኮላጅኔዝ የሚባል ኢንዛይም ሕዋሳትን ያያያዘውን መረብ ይበላል፤ በ1965 በጊኒ ፒግ ቆሽት ላይ ተሞከረ። በ1967 ፖል ሌሲና ሜሪ ኮስትያኖቭስኪ ሴንት ሉዊስ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ከአይጠ መጎጥ ቆሽት ደሴቶችን በብዛት አወጡ። በ1972 ደግሞ ባሊንገርና ሌሲ እነዚህን ደሴቶች ስኳር ላለባቸው አይጠ መጎጦች ተክለው በሽታው ሲሻላቸው አሳዩ።

እኛም የምንሠራው ከዚያ እምብዛም የራቀ አልነበረም። ኢንዛይሙ በሐሞት ቱቦ በኩል ይገባና ቆሽቱ እንደ ፊኛ ይነፋል። ከዚያ በ37 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ለአጭር ጊዜ ይቀመጣል። ወሳኙ ይቺ አጭር ጊዜ ናት። ካነሰች ደሴቶቹ አይላቀቁም፤ ከበዛች እነሱም ይቀልጣሉ። በመጀመሪያው ሳምንቴ ስልክ ሳወራ ሰዓቱ አለፈኝና የሦስት አይጥ ቆሽት ንፍጥ መስሎ ቱቦው ላይ ተለጠፈ። የዚያን ቀን ያረረው የእኔ ቆሽት ነው።

የተረፈው በማይክሮስኮፕ ሥር በእጅ ይለቀማል። አንዲት የጤፍ ፍሬ ከአንድ ደሴት አምስት ስድስት ጊዜ ትረዝማለች፤ ከዚህ የባሰ ጤፍ መልቀም አላውቅም። ዲቲዞን የሚባል ቀለም ሲጨመር ደሴቶቹ ብቻ ቀይ ይሆናሉ፤ ከኢንሱሊን ጋር የሚከማቸውን ዚንክ ስለሚይዝ ነው። ለአንዲት አይጥ 300 ወይም 400 ደሴት እንቆጥራለን፤ ይህን ለማግኘት ሁለት ሦስት አይጦች ይሠዋሉ። የሚተከሉት በኩላሊት ሽፋን ሥር ነው። ሽፋኑ በሽንኩርት ቅጠሎች መካከል የምታገኟትን ስስ ልጣጭ ይመስላል፤ በቀጭን ቱቦ ከሥሩ እናስገባና ደሴቶቹን እናፈስሳለን።

ተቀባይዋ አይጥ አስቀድማ ስኳር እንዲይዛት ተደርጓል። ስትሬፕቶዞቶሲን የሚባል፣ ከአፈር ባክቴሪያ የተገኘ ንጥረ ነገር ይወጋባታል፤ ቤታ ሕዋሳቷን መርጦ ይገድላል። በጥቂት ቀናት ውስጥ የተነጠፈላት ገለባ በሽንት ይርሳል። ከጅራቷ ጫፍ አንዲት ጠብታ ደም ወስደን፣ እህቴ በምትጠቀምበት ዓይነት መለኪያ ስንለካ 400፣ 500፣ አንዳንዴም መለኪያው ቁጥር አልበቃው ብሎ «ሃይ» ይላል። በተከላው ማግስት ወይም በሁለተኛው ቀን ያ ቁጥር ከ200 በታች ይወርዳል። የመጀመሪያዋን ሳይ እንባዬ መጣ፤ የእህቴ ቁጥር መሰለኝ።

አሁን ሚንኮቭስኪን አስታውሱ። አይጧ የዳነችው በተከልንላት ደሴት ነው? ወይስ የራሷ ቆሽት አገግሞ? ከስትሬፕቶዞቶሲን በኋላ የሚያገግም አለና መጠርጠር ግድ ነው። ስለዚህ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደሴቶቹ ያሉበት ኩላሊት ተቆርጦ ይወጣል። አይጧ በሌላኛው ኩላሊት ትኖራለች። ስኳሯ ግን ወዲያው ተመልሶ ይሰቀላል። ጭካኔ ይመስላል፣ ነውም። ነገር ግን በዚህ ሙያ ከዚህ የጠራ ማስረጃ አላየሁም፤ ለዚህም ነው ለአክስቴ «ውሸት ነው» ማለት ያልቻልኩት።

ታዲያ ለምን ለእህቴ አይሆንም? የአይጥ ፈውስ በሰማሁ ቁጥር ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ስኳሩ እንዴት ያዛት? ደሴቱስ የማን ነው?

በመርዝ የታመመች አይጥ መከላከያዋ ሰላም ነው፤ ከቤታ ሕዋስ ጋር ጠብ የለውም። የተተከለላትን ማንም አይነካባትም። ደሴቱን የሰጠቻትም እንደ መንታ በዘር አንድ የሆነች አይጥ ናት። የእህቴ ጉዳይ ሌላ ነው። ወደ እሷ የሚቀርቡት በጃፓን የተገኙት ኖድ የሚባሉ አይጦች ናቸው፤ ስኳሩ ከራሳቸው መከላከያ ይነሣባቸዋል። ለእነሱ ከገዛ ዘራቸው ጤነኛ ደሴት ብትተክሉ እንኳ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያ መከላከያ ያገኘዋል፣ ያጠፋዋልም። ይህ በሰውም ታይቷል። በ1980ዎቹ ሚኒሶታ ውስጥ ዴቪድ ሰዘርላንድ የተባሉት ቀዶ ሐኪም ከጤነኛ መንታ የቆሽት ክፍል ወስደው ለታመመው ፍጹም ተመሳሳይ መንታ ተከሉ። ባዕድ አካል አይደለምና መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት አልሰጡም። ስኳሩ ተመልሶ መጣ። ሰውነት ቂሙን አልረሳም።

ደሴቱን ለመደበቅ ብዙ ተሞክሯል። በ1980 ሊምና ሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ከባሕር አረም በሚወጣ አልጂኔት ጠቅልለው ለአይጠ መጎጦች ሰጡ፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ሠራ። በ2006 የአሳማ ደሴቶች በጦጣዎች ውስጥ ከ100 ቀን በላይ ቆዩ፣ በከባድ መድኃኒት ታግዘው። እኔን በጣም የገረመኝ የ2017ቱ ነው፦ ናካውቺ የተባሉት ተመራማሪ ቡድን ቆሽት እንዳያበቅል በተደረገ አይጠ መጎጥ ሆድ ውስጥ የአይጥ ቆሽት አሳደገ። የዚያ ቆሽት ደሴቶች ስኳር ላለባቸው አይጦች ሲተከሉ፣ መድኃኒት ለመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት ብቻ ተሰጥቷቸው ከአንድ ዓመት በላይ ስኳራቸው ልክ ሆኖ ኖረ። እነሱም ግን በስትሬፕቶዞቶሲን የታመሙ ነበሩ።

በሰው ላይ ትልቁ ዜና በ2000 ከካናዳ፣ ከኤድመንተን መጣ። ጄምስ ሻፒሮና ባልደረቦቹ በጉበት ደም ሥር በኩል ደሴት የሰጧቸው 7 ሰዎች በሙሉ ኢንሱሊን አቆሙ። ከአምስት ዓመት በኋላ በተደረገው ክትትል ያለ ኢንሱሊን የቀጠሉት ከታካሚዎቹ 10 በመቶ ያህሉ ነበሩ። ለአንድ ሰው ብዙ ጊዜ የሁለትና ከዚያ በላይ ሟቾች ቆሽት ያስፈልጋል፤ መከላከያን የሚያዳክመው ክኒን ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል፣ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። እህቴ መርፌውን በዚያ ክኒን ትቀይረው ብትሉኝ እኔ አልመክራትም። ስኳሯ ሳታውቀው በድንገት እየወረደ ራሷን የምትስት ብትሆን ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር።

ተስፋ የለም እያልኩ አይደለም። በ2025 ከግንድ ሕዋስ የተሠሩ ደሴቶች ሙሉ መጠን ከተሰጣቸው 12 ሰዎች 10ሩ ከአንድ ዓመት በኋላ ኢንሱሊን አያስፈልጋቸውም ነበር፤ ክኒኑ ግን አልቀረላቸውም። በዚያው ዓመት ከስዊድን፣ ከኡፕሳላ፣ መከላከያ እንዳያያቸው ጂናቸው የተስተካከለ ደሴቶች በአንድ ሰው ክንድ ጡንቻ ውስጥ ያለ ክኒን ኢንሱሊን ሲያመርቱ መታየታቸው ተዘገበ። መጠኑ ሆን ተብሎ ትንሽ ነበር፤ ሰውየውም መርፌውን አላቆመም።

አክስቴ እስከ መጨረሻው ሰምተው «እንግዲያው መርፌዋን ትቀጥል፣ ያንተንም አይጦች እግዜር ይማራቸው» አሉ።

ለእናንተ አንድ ነገር ልለምን። ቪዲዮ አይቶም ሆነ ጠበል ሄዶ ኢንሱሊኑን ያቋረጠ የአንደኛው ዓይነት ታማሚ ቤታችሁ ካለ፣ ጠበሉን ይጠመቅ፣ መርፌውን ግን ይዞ ይሂድ። ካስታወከ፣ ሆዱን ካመመው፣ ትንፋሹ ከፈጠነና ከጠለቀ፣ ነገን አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል አድርሱት።