የኤሊዎች መንደር

በኢትዮጵያና በሱዳን ድንበር ላይ ባለው የኩርሙክ ቆላ የበጋ እሳት ሣሩን ሲበላው የሚሮጠው ይሮጣል፣ የሚበረው ይበራል። ኤሊ ሁለቱንም አልታደለችም። ያላት መላ አንድ ነው፤ ጉድጓድ።

ከቆፋሪ ኤሊዎች ሁሉ ትልቋ ሳይንስ ሱልካታ የሚላት ናት። ጭኗ ላይ እንደ እሾህ የሾሉ ቅርፊቶች አሏት። ወንዱ 100 ኪሎ ሊደርስ ይችላል፤ ከየብስ ኤሊዎች የሚበልጧት የጋላፓጎስና የአልዳብራ ደሴቶቹ ብቻ ናቸው። የቆፈረችው ዋሻ በርካታ ሜትር ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ሐሩሩንም እዚያ እርጥበት ውስጥ ተኝታ ታሳልፋለች። አገሯ ከሴኔጋልና ከሞሪታኒያ ተነሥቶ፣ የሰሐራን ደቡባዊ ጠርዝ ይዞ፣ በሱዳን በኩል ኢትዮጵያና ኤርትራ ይደርሳል።

ይህ ሰፊ አገር ዛሬ የተበጣጠሰ ነው። ሣሩን ከብት ይጨርሰዋል፣ ቁጥቋጦውን እሳት ይወስደዋል፣ ግልገሎቹን ነጋዴ ለቤት እንስሳነት ይለቅማቸዋል። ከዱር የተያዘችን ሱልካታ ለንግድ ወደ ውጭ መላክ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቢታገድም፣ በ2021 ዝርያዋ ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት ተርታ ገብቷል።

መፍትሔው የተጀመረው በዚያኛው የአገሯ ጫፍ፣ ሴኔጋል ውስጥ ነው። ቶማስ ዲያኝ የተባለ ሴኔጋላዊ ከፈረንሳዊው በርናር ዴቮ ጋር ሆኖ ከዳካር ወጣ ብሎ ኖፍላይ ላይ «የኤሊዎች መንደር» አቋቋመ። ዲያኝ በዚሁ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1998 የሮሌክስ ሽልማት ተሰጥቶታል። ኋላም የአፍሪካ ኤሊዎች ኢንስቲትዩትን መሥርቷል።

እንዲህ ያለው ማዕከል መካነ አራዊት ሊመስል ይችላል፤ ሥራው ግን ሌላ ነው። አዲስ የመጣች ኤሊ መጀመሪያ ለብቻዋ ትቀመጣለች። የመተንፈሻ በሽታ ይዛ ከሆነ መንጋውን ሁሉ ልትበክል ትችላለችና። ቀጥሎ ትመዘናለች፣ ትለካለች፣ ምልክት ይደረግባታል፤ ከየት እንደመጣችም ይጻፋል። ሰዎች የሚንቁት ይህን የመጨረሻውን ነው። የትውልድ ቦታዋ ያልታወቀ ኤሊ ወደ የትኛው ዱር ትመለስ?

እንቁላሉ ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። በብዙ የኤሊ ዝርያዎች ፅንሱ ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው በጎጆው ሙቀት ነው፤ ቀዝቀዝ ሲል ወንድ ይበዛል፣ ሲሞቅ ሴት። ስለዚህ ማሞቂያ ሣጥኑን የሚጠብቅ ሰው ጥቂት ዲግሪ ቢሳሳት የአንድ ዓመት ግልገል ሁሉ አንድ ጾታ ሊሆንበት ይችላል። የተፈለፈለችው ግልገል መዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ ቅርፊቷ ለጋ ናት። ያን ጊዜ ብትለቀቅ የአሞራ እራት ነች፤ ስለዚህ ቅርፊቷ እስኪጠና እዚያው ማዕከሉ ውስጥ ታድጋለች። ምግቧ ሣር እንጂ የቤት ትርፍራፊ አይደለም። ስትለቀቅም ጀርባዋ ላይ የሬዲዮ ማሰራጫ ተለጥፎ የት እንደዋለችና የት እንዳደረች ይከታተሏታል። ኖፍላይ ያደጉት ወደ ሰሜን ሴኔጋሉ የፌርሎ ምድር ተመልሰዋል።

እኔ ይህን ሥራ በዚህኛው ጫፍ፣ ኩርሙክ ላይ ባየው እመኛለሁ። ከተማዋ የሱዳን ድንበር ላይ ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህም ከጦርነት የሚሸሹ ሰዎች የሚገቡባት በር ሆናለች። በዚህ ሁሉ መካከል ስለ ኤሊ ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ይኖራል። ለእኔ አይመስለኝም፤ ኤሊዋ የምትኖርበት ሣርና ውሃ የሰዉም የከብቱም ነው።

ለመጀመር አጥር አያስፈልግም። አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው፤ ተማሪዎቹ ደብተር ይዘው ወደ አካባቢው የበርታ ብሔረሰብ ሽማግሌዎችና በቱማት ወንዝ ዳር ወርቅ ወደሚያጥቡት ሰዎች ይሂዱ። በልጅነታችሁ ኤሊ የት ታዩ ነበር? መጨረሻ ያያችሁት መቼ ነው? ከእሳት በኋላ ባዶ ቅርፊት ያገኛችሁት በየትኛው ተዳፋት ላይ ነው? መልሱ ካርታ ላይ ይነጠብ። ዛሬ የምትፈለፈል ሱልካታ እንቁላል እስክትጥል ድረስ አሥር፣ አሥራ አምስት ዓመት ይፈጅባታል፤ ሽማግሌዎቹ ግን ያን ያህል ላይቆዩን ይችላሉ።