አውቶማቲክ መኪና ከ«ዲ» ሌላ ምን አለው? የካምቢዮውን ቦታዎች በቁልቁለትና በዳገት መጠቀም

ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻና ደሴ በመኪና የሄደ ሰው ጣርማበርን ያውቀዋል። ከዋሻው እንደወጡ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ይቀጥላል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ተነስቶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ የሚያርፍ ቁልቁለት ነው። በዚህ መንገድ ዳር ጎማው አካባቢ እየጨሰ የቆመ የቤት መኪና ማየት ያጋጥማል። ሾፌሩ ወርዶ ጎማውን ጎንበስ ብሎ ያያል፤ ቤተሰቡ ሻንጣና ሕፃን ይዞ መንገድ ዳር ይጠብቃል፤ የተቃጠለ ነገር ሽታ አካባቢውን ሞልቶታል።

ብዙ ጊዜ መኪናው ቀድሞ የነበረበት ብልሽት የለም። ካምቢዮው «ዲ» ላይ እንዳለ፣ ቁልቁለቱ ሁሉ በፍሬን ብቻ ስለተወረደ ነው። ማኑዋል መኪና የተማረ ሰው «ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ» የሚለውን ምክር ከአሰልጣኙ ሰምቷል። አውቶማቲክ የሚነዳ ግን ማርሽ የመኪናው ሥራ ነው ብሎ ስለሚያስብ ከ«ዲ» በታች ያሉትን ፊደሎችና ቁጥሮች ሳይነካቸው ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ውድ አንባቢያን፣ እነዚህ ቦታዎች የተቀመጡበት ምክንያት አለ፤ ዛሬ አንድ በአንድ እንመልከታቸው።

ካምቢዮው ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ማኑዋል መኪና ላይ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘውና የሚያለያየው ፍሪሲዮን ነው። በተለመደው አውቶማቲክ ላይ የፍሪሲዮን ፔዳል የለም፤ ቦታውን የሚይዘው ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል በዘይት የተሞላ ዕቃ ነው። ሞተሩ ዘይቱን ያሽከረክራል፤ የሚሽከረከረው ዘይት ደግሞ ካምቢዮውን ያዞራል። መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ ቢቆም ሞተሩ የማይጠፋው፣ ፍሬኑን ስንለቅ ደግሞ ነዳጅ ሳንሰጥ ቀስ ብሎ የሚሄደው ለዚህ ነው። ማርሾቹን የሚቀያይረው የዘይት ግፊት ሲሆን፣ ግፊቱን የሚሰጠውን ፓምፕ የሚያሠራው ሞተሩ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ባትሪው የደከመ አውቶማቲክ መኪና እንደ ማኑዋሉ ገፍተው አያስነሱትም። ሞተሩ ካልዞረ ግፊት የለም፤ ግፊት ከሌለ የጎማው ዙር ሞተሩ ጋ አይደርስም። ሁለተኛ፣ የተበላሸ አውቶማቲክ መኪና ሲጎተት ኃይል የሚቀበሉት ጎማዎች መሬት ላይ እየዞሩ ረጅም መንገድ ከሄዱ፣ ካምቢዮው በቂ ዘይት ሳያገኝ ይሽከረከራል። ኃይሉ የሚሄደው ወደ ፊት ጎማ ከሆነ ፊቱ ተነስቶ ይጎተት፤ ወደ አራቱም ከሆነ መኪናው ሙሉ በሙሉ ተጭኖ ይሂድ።

ካምቢዮው «ዲ» ላይ ሲሆን ማርሽ የሚመርጠው በዋናነት ሁለት ነገር አይቶ ነው፦ የመኪናውን ፍጥነትና የነዳጅ ፔዳሉን። እግራችንን ከፔዳሉ ስናነሳ «ኃይል አልተፈለገም» ብሎ ወደ ከፍተኛው ማርሽ ያልፋል። ሜዳ ላይ ይህ ትክክል ነው፤ ነዳጅ ይቆጥባል። ቁልቁለት ላይ ግን ከፍተኛ ማርሽ መኪናውን ይዞ አያስቀርም። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ቁልቁለቱን ለይተው ማርሽ ራሳቸው ይቀንሳሉ። ብዙዎቹ የቆዩ መኪኖች ግን ከፊታቸው ያለውን ገደል አያዩም፤ የሚያየው ሾፌሩ ነው።

ፍሬን ለምን ይከዳል?

ሰውና ዕቃ የጫነች፣ 1,500 ኪሎ የምትመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ስትወርድ የሚወጣው ጉልበት 40 ሊትር ያህል ውሃ ከቅዝቃዜ አንስቶ ለማፍላት ይበቃል። ሁለት ትልልቅ ጀሪካን ማለት ነው። ይህ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። በፍሬን ብቻ ከወረድን አብዛኛው የሚያርፈው በአራቱ ጎማዎች ውስጥ ባሉት ትንንሽ ሸራዎችና ዲስኮች ላይ ነው።

ሸራው ከልክ በላይ ሲግል መያዝ ያቆማል፤ ፔዳሉን አጥብቀን ብንረግጥም መኪናው አይቀንስም። ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ከደረሰ ደግሞ ዘይቱ ይፈላና አረፋ ይሠራል። አረፋ ስለሚጨመቅ ፔዳሉ እየላላ ወደ ውስጥ ይገባል። የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ፣ ለዓመታት ያልተቀየረ ዘይት ቶሎ ይፈላል።

ማርሽ ስንቀንስ ግን ሥራው ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ነዳጅ ስንለቅ ጎማው ሞተሩን ማዞር ይጀምራል፤ የአየር ማስገቢያው ስለተዘጋ ሞተሩ ለመዞር ይከብደዋል፤ ያ ክብደት መኪናውን ይይዛል። ማርሹ ዝቅ ባለ ቁጥር አያያዙ ይጠነክራል። ሙቀቱን የሚቀበለው ደግሞ ለሙቀት የተሠራ፣ ራዲያተር ያለው ሞተር ነው።

ፊደሎቹና ቁጥሮቹ

«ፒ»፦ መኪናዋን የሚያስቆመው ካምቢዮው ውስጥ ባለ ጥርሳም ጎማ ላይ የሚገባ አንድ ትንሽ ብረት ነው። ዳገት ላይ ሲያቆሙ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ በእግር ፍሬን ያቁሙ፣ «ኤን» ላይ ያድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፣ እግርዎን ለቀቅ አድርገው ክብደቱ በእጅ ፍሬኑ ላይ እንዲያርፍ ያድርጉ፣ ከዚያ እንደገና ፍሬን ረግጠው ወደ «ፒ» ያስገቡ። ጠዋት ሲነሱ «ቋ» የሚል ድምፅ የሚሰማዎት ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ መኪናውን የያዘው ያ ትንሽ ብረት ነበር ማለት ነው።

«አር»፦ ወደ ኋላ መሄጃ። መኪናው ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ከ«ዲ» ወደ «አር» መወርወር ካምቢዮውን ይጎዳል።

«ኤን»፦ ሞተሩና ጎማው የሚለያዩበት ነው። እየነዱ የሚጠቀሙበት ቦታ አይደለም።

«ኦ/ዲ»፦ በካምቢዮው እጀታ ጎን ያለች ትንሽ ቁልፍ ናት። ኦቨርድራይቭ የሚባለው ከፍተኛው ማርሽ ሲሆን፣ ባለ አራት ማርሽ መኪና ላይ አራተኛው ነው። ቁልፉ ተጭኖ «ኦ/ዲ ኦፍ» የሚለው መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ሲበራ አራተኛው ማርሽ ተከልክሏል፤ መኪናው እስከ ሦስተኛ ብቻ ይሄዳል። መብራቱን አይተው መኪናው ተበላሸ ብለው ጋራዥ የሚወስዱ አሉ። በሌላ በኩል ሁልጊዜ አብርተው የሚነዱም አሉ፤ እነሱ በረጅም ሜዳ መንገድ ላይ ነዳጅ በከንቱ ያቃጥላሉ።

«2» እና «ኤል»፦ «2» ከሁለተኛ ማርሽ በላይ እንዳይሄድ ይከለክላል፤ «ኤል» ደግሞ በአንደኛ ያስቀረዋል። «ኤል» በጣም ለቆመ ቁልቁለትና ዳገት፣ በእግር ጉዞ ፍጥነት ለሚኬድበት መንገድ ነው።

«ኤስ» እና «ቢ»፦ ብዙ የቶዮታ ቪትዝ መኪኖች ሲቪቲ የሚባለው ካምቢዮ አላቸው። ይህ በማርሽ ፋንታ በሁለት ፑሌዎች መካከል በሚዞር ቀበቶ ይሠራል። በእነዚህ ላይ «2» እና «ኤል» የለም፤ «ኤስ» መጠነኛ፣ «ቢ» ደግሞ ጠንካራ የሞተር አያያዝ ይሰጣል። «ቢ» ለሜዳ መንገድ አይደለም። የሲቪቲ ዘይት ከተለመደው የአውቶማቲክ ዘይት የተለየ መሆኑንም ያስታውሱ፤ ሲቀየር ለመኪናው የታዘዘው ዓይነት መሆኑን ያረጋግጡ።

የመደመርና የመቀነስ ምልክት፦ ይህ ያለው መኪና ሾፌሩ ማርሹን በቁጥር እንዲመርጥ ይፈቅዳል። ለቁልቁለት መቀነሱን አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ መንካት ይበቃል።

ቁልቁለቱን እንዴት እንውረድ?

ማርሽ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው። መጀመሪያ በፍሬን ፍጥነቱን ይቀንሱ፤ ቀጥሎ «ኦ/ዲ»ን ያጥፉ። መኪናው አሁንም እየፈጠነ ከሄደ እንደገና በፍሬን ቀንሰው ወደ «2» ያውርዱ። በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ሆኖ ወደ «2» ወይም ወደ «ኤል» መጣል ሞተሩን ከልክ በላይ ሊያዞረው፣ ርጥብ መንገድ ላይ ደግሞ ጎማውን ሊያንሸራትተው ይችላል። ለእያንዳንዱ ማርሽ የተፈቀደው ፍጥነት በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል።

ሞተሩ መጮሁ ብዙዎችን ያስፈራል። የዙር መለኪያው ቀስት ከቀዩ መስመር በታች እስካለ ድረስ ድምፁ ጉዳት አይደለም፤ ሞተሩ መኪናውን እየያዘልዎ ነው። ትክክለኛውን ማርሽ ማግኘትዎን የሚያውቁት ፍሬን አልፎ አልፎ ብቻ ሲያስፈልግዎ ነው። ሲያስፈልግም እግርዎን ፍሬን ላይ አስቀምጠው አይውረዱ። ረገጥ አድርገው ከ50 ወደ 40 ይቀንሱ፣ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ፣ ሸራው ይቀዝቅዝ። አንድ ነገር አይርሱ፦ ሞተሩ መኪናውን ሲይዝ የኋላ ፍሬን መብራት አይበራም። ከኋላዎ ተጠግቶ የሚመጣ ካለ ፍሬኑን ነካ አድርገው ያሳውቁት።

«ኤን» ነዳጅ ይቆጥባል?

ቁልቁለት ላይ «ኤን» አድርጎ መልቀቅ ነዳጅ ይቆጥባል የሚለው ወሬ ዛሬም አለ። በኮምፒውተር ነዳጅ የሚረጩ መኪኖች ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ማርሽ ውስጥ ሆነው ነዳጅ ሲለቁ ጎማው ሞተሩን ስለሚያዞረው ኮምፒውተሩ ነዳጁን ይዘጋዋል። «ኤን» ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠል አለበት። ስለዚህ «ኤን» ያደረገ ሾፌር ነዳጅ እየከፈለ የሞተሩን አያያዝ ያጣል። ሞተሩን ማጥፋት ከዚህም የከፋ ነው፤ ፍሬኑና መሪው እርዳታቸውን አጥተው ይጠነክራሉ።

ዳገትና ጭቃ

ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር አዲስ አበባ ላይ ብቻ እንኳ ከባሕር ጠለል ጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ባለው ዳገት ካምቢዮው በሦስተኛና በአራተኛ መካከል ሲዋልል ይሰማል። ያ መዋለል ዘይቱን ያሞቃል። «ኦ/ዲ»ን ቢያጠፉት አንድ ማርሽ ይዞ ይወጣል። መኪና ለመቅደም ኃይል ካስፈለገ የነዳጅ ፔዳሉን እስከ ታች መርገጥ ካምቢዮው ራሱ ማርሽ እንዲቀንስ ያደርገዋል። ዳገት ላይ በሰልፍ ሲቆሙ ግን መኪናውን በነዳጅ አይያዙ፤ በፍሬን ይያዙ። በነዳጅ ሲያዝ ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ያለ ሥራ ይግላል።

ከጃፓን በመጡ አንዳንድ መኪኖች ላይ «ስኖው» የሚል ቁልፍ አለ። ለበረዶ ቢሠራም መኪናው በሁለተኛ ማርሽ እንዲነሳ ስለሚያደርግ ጎማ በሚያሽከረክር የክረምት ጭቃ ላይም ይጠቅማል።

ኤሌክትሪክ መኪና የሚነዱ

ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። እነዚህ ማርሽ የላቸውም፤ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ መኪናውን ይይዛል፣ ባትሪውንም ይሞላል። ለምሳሌ ፎክስዋገን አይዲ 4 ለዚህ «ቢ» የሚል ቦታ አለው። ጥንቃቄው አንድ ነው፦ ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው አያያዙ ይደክማል። ከፍታ ላይ ሆነው ቁልቁለት ሊጀምሩ ከሆነ ባትሪውን መቶ በመቶ አይሙሉት።

ፍሬኑ ከጋለ

የተቃጠለ ሽታ፣ ጭስ ወይም የላላ ፔዳል ከመጣ ወዲያው ማርሽ ይቀንሱና ሜዳ ቦታ ፈልገው ይቁሙ። ጎማ ሥር ድንጋይ ያድርጉ። የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ አያፍስሱ፤ ሊሰነጠቅ ይችላል። በራሱ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። ፍሬኑ ጭራሽ አልያዝ ካለ ደግሞ ማርሹን ደረጃ በደረጃ ዝቅ ያድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያሉ ይሳቡ፣ መብራትና ጥሩምባ ይጠቀሙ፣ ከገደሉ ይልቅ ወደ ተራራው ጎን ይጠጉ።

እነዚህን ቦታዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክሩት ጣርማበር ላይ መሆን የለበትም። ከጉዞው በፊት በሚያውቁት አጭርና ጭር ባለ ቁልቁለት ላይ «ኦ/ዲ»ን አጥፍተው፣ «2» ላይ አድርገው መኪናዎ እንዴት እንደሚይዝ ይልመዱት። በቤትዎ አውቶማቲክ የሚነዳ ሌላ ሰው ካለም አብሮዎት ይሞክር፤ በሚቀጥለው ጉዞ መሪውን የሚይዘው እሱ ሊሆን ይችላልና።