ቡችላው ከመምጣቱ በፊት

በብዙ ቤት ቡችላ የሚመጣው ሳይታሰብ ነው። የጎረቤት ውሻ ትወልድና ልጆች ይለምናሉ፤ ወይም ሌባ አጥር ዘሎ ይገባና «ውሻ ያስፈልገናል» ይባላል። በማግስቱ ቡችላው በካርቶን ይመጣል፤ ግቢ ጥግ ገመድ ይታሰርለታል፤ ሌላው ለዕድሉ ይተዋል። ውሻ ግን አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ አብሮን ይኖራል። ጠባዩ የሚቀረጸው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሳምንታት ስለሆነ ቤቱ አስቀድሞ ተሰናድቶ ሊጠብቀው ይገባል።

ቡችላ 8 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ መለየት የለበትም። ከወንድሞቹና ከእህቶቹ ጋር ሲላፋ ንክሻውን መመጠን ይማራል፤ አጥብቆ ሲነክስ ይጮኹበታል፣ ጨዋታውንም ጥለውት ይሄዳሉ። ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ያለው ጊዜ ደግሞ ዓለምን የሚተዋወቅበት ነው። በዚህ ዕድሜ ሳይደነግጥ የለመደውን ሕፃን፣ እንግዳ፣ የመኪና ድምፅና የዝናብ ነጎድጓድ ኋላም አይፈራውም። ያልለመደውን ግን ይሸሻል፤ መሸሻ ሲያጣ ይነክሳል። ስለዚህ በ8 ሳምንቱ የመጣ ቡችላ የቀረው ጊዜ 6 ሳምንት ያህል ብቻ ነው። ይህ ጊዜ አጥር በመጠገንና የሚተኛበትን በመፈለግ ማለቅ የለበትም።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከወለሉ ነው። ቡችላ ዓለምን የሚመረምረው በአፉ ስለሆነ በርከክ ብሎ ቤቱን በእሱ ቁመት ማየት ይጠቅማል። የቻርጀር ሽቦና የኤሌክትሪክ ገመድ ከፍ ይበል፤ በረኪና፣ መድኃኒትና የልብስ ስፌት መርፌ ቁም ሣጥን ይግባ። የአይጥ መርዝ የተቀመጠበት ቤት መርዙን ጠራርጎ ያውጣ፤ አይጧን እንዲስብ ተብሎ የተሠራው ሽታ ቡችላውንም ይስበዋል። የከሰል ምድጃ ያለ ጠባቂ አይተው፤ የውሃ ጉድጓድና በርሜል ይከደን። የግቢው በር ከሥሩ ክፍት ከሆነ በሳንቃ ይደፈን። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው በረንዳውን ይፈትሽ፤ የቡችላ ጭንቅላት የሚያልፍበት የብረት ክፍተት ሰውነቱንም ያሳልፋል። በግቢ ከሚበቅሉት ጉሎ፣ አስተናግርና ኦሊያንደር መርዛማ ናቸው፤ ይነቀሉ ወይም ይታጠሩ።

ከማጀት የሚወጣው ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ውሻን የወጥ ትርፍራፊ ማብላት የኖረ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ጥሬም ሆኑ የበሰሉ የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳሉ። ዘቢብ ኩላሊቱን ይጎዳል፤ ቸኮሌት ልቡንና ነርቩን ያውካል። የቡና ፍሬና አተላው ካፌይን ስላለበት ቡና ሲፈላ ቡችላው ከረከቦቱ ይራቅ፤ አተላውም እሱ በሚደርስበት ቦታ አይደፋ። የጠላ አተላም አልኮል አለበት። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። የሚሻለው ለቡችላ የተዘጋጀ ምግብ ነው፤ በቤት የሚሠራም ከሆነ ያለ ቅመም የተቀቀለ ይሁንና ምጥኑን የእንስሳት ሐኪም ይንገረን። እስከ 4 ወሩ ድረስ ምግቡ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ይከፋፈልለት፤ ንጹሕ ውሃም አይለየው።

የበዓል እርድ ለብቻው መነሣት አለበት። የበግ ወይም የከብት ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሲገኝ ያን ቆርጦ ለውሻ መወርወር የተለመደ ነው። በከረጢቱ ውስጥ ያለው ግን የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ጥገኛ ትል እጭ ነው። እጩ በውሻው አንጀት ውስጥ ያድግና እንቁላሉ ከሰገራ ጋር ይወጣል፤ በእጅና በአትክልት ወደ ሰው አፍ ገብቶ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያንኑ ከረጢት ያበጃል። ውሻው ሲታይ ደኅና ነው፤ የሚታመመው ቤተሰቡ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ብልት ይቀበር ወይም ይቃጠል፤ ለውሻ ጥሬ አይሰጥ።

ቡችላው ከመምጣቱ በፊት የሚያክመውን ሰው ማወቅም ያስፈልጋል። ብዙ ቡችሎች የሆድ ትል የሚይዛቸው ገና ሳይወለዱ ከእናታቸው ነው፤ ይኸው ትል ልጆችንም ስለሚይዝ መድኃኒቱ ቶሎ መጀመር አለበት። ፓርቮና ዲስቴምፐር የተባሉት የውሻ በሽታዎች ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀመርና 16 ሳምንት እስኪሆነው በየጥቂት ሳምንቱ ይደገማል። ተቅማጥ የሚያመጣው የፓርቮ ቫይረስ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። ስለዚህ ውሻ በቅርቡ በተቅማጥ የሞተበት ግቢ አዲስ ቡችላ ለማምጣት አይቸኩል፤ ክትባቱን ያልጨረሰም መንገድ ላይ አይለቀቅ፤ ውጪውን በእቅፍ ሆኖ ይይ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት 3 ወር ገደማ ሲሆነው ይሰጣል። ምልክቱ አንዴ ከታየ ይህን በሽታ የሚያድን ሕክምና የለም፤ በሰው ላይም የሚደርሰው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በውሻ ንክሻ ነው። ማንም ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት፤ ይህን በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ይወቅ።

መኝታው ከቅዝቃዜና ከጎርፍ የራቀ ይሁን። የእንጨት ቤት ከተሠራለት ከመሬት ከፍ ይበል፤ አሮጌ ብርድ ልብስም ይነጠፍለት። ከእናቱ በተለየባቸው በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች የሰው ድምፅ በሚሰማበት ቦታ ቢያድር ለቅሶው ቶሎ ይቀላል። ቡችላ ሽንቱን የሚይዘው ለእያንዳንዱ የዕድሜው ወር አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ የ2 ወር ከሆነ ለ2 ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ሲነቃ፣ ሲበላና ተጫውቶ ሲያበቃ ወደ አንድ ቦታ ማውጣት፣ እዚያው ሲሸና ማመስገን በቂ ነው። ቤት ውስጥ ቢያመልጠው መምታት የሚያስተምረው ተደብቆ መሽናትን ነው።

«ካልታሰረ ጠባቂ አይሆንም» የሚለው እምነት ብዙ ውሻ አበላሽቷል። ቡችላነቱን በሰንሰለት የጨረሰ ውሻ የቤቱን ልጅና ሌባውን መለየት የሚማርበት ዕድል አላገኘም፤ በር ላይ የመጣውን ለመመከትም ገመዱ አያደርሰውም። ቤተሰቡን የለመደ፣ ግቢውን እየዞረ ያደገ ውሻ ግን ሲጎለምስ እንግዳ መምጣቱን ማንም ሳያስተምረው ይናገራል።

ስለዚህ የመጨረሻው ዝግጅት የቤተሰቡ ስምምነት ነው። ማን ያበላል፣ ሌሊት ማን ያወጣል፣ ለሐኪም ማን ይከፍላል የሚለው ይለይ። ሕፃናትም ሲበላና ሲተኛ እንዳይነኩት ይነገራቸው። ቡችላው የሚመጣበት ቀን የሚቆረጠው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።