የቃል ሽርክናና የዕዳ ምስክር

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። የሸሪኮች የዕዳ ክርክርም ከሥሩ ቢመረመር፣ ጠቡን የሚያመጣው ዘወትር ክፋት ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ስሙ ሳይለይ መቅረቱም ነው።

ለምሳሌ ላስታን እንውሰድ። በላሊበላ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይቆማል፤ ገበሬው እህሉን፣ በጉንና ማሩን ይዞ ይመጣል። ሁለት ሰዎች ከዚያ በግ ገዝተው ወልድያ ሊሸጡ ተስማሙ እንበል። አንደኛው 30,000 ብር አወጣ፤ ሁለተኛው ጉልበቱንና የገበያ ዕውቀቱን አዋጣ። ወረቀት አልተጻፈም፤ ዳሩ ግን ብሩ ሲቆጠር ሦስት ሽማግሎች አይተዋል፤ ንግግሩንም ሰምተዋል። ገበያው ወድቆ ኪሳራ በመጣ ጊዜ አንደኛው «አበድሬሃለሁና መልስልኝ» ይላል፤ ሁለተኛው «አብረን ነገድን፣ አብረን ከሠርን» ይላል። ዳኛው ማንን ይመን?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 2001፣ ዕዳ አለ የሚል መኖሩን፣ ዕዳው ቀርቷል የሚል መቅረቱን እንዲያስረዳ ያዛል። ቁጥር 2002 ደግሞ የማስረጃውን ዓይነት ይዘረዝራል፤ ይኸውም ጽሑፍ፣ ምስክር፣ የሕሊና ግምት፣ የተከራካሪው እምነት ወይም መሐላ ነው።

ብድር ሲሆን ግን በሩ ይጠብባል። በቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ እምነት ወይም መሐላ ብቻ ነው። የዚህ ብድር አከፋፈልም እንደዚሁ ነው። እንግዲህ የሦስቱ ሽማግሎች ቃል የቱንም ያህል እውነት ቢሆን ብድሩን አያስረዳም።

ሽርክናስ? በዚያው ዓመት የወጣው የንግድ ሕግ የሽርክና ውል በጽሑፍ እንዲሆን ሲያዝ፣ እሽሙር ማኅበርን ለይቶ አውጥቶታል። ይህ ማኅበር ለውጭ ሰው ሳይገለጥ በሸሪኮቹ መካከል ብቻ የሚኖር ስለሆነ በቃልም ሊቋቋም ይችል ነበር። የ1952ቱ ሕግ ስለ ንግድ ማኅበራት የደነገገው ክፍል በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ቢተካም፣ እሽሙር ማኅበር በአዲሱም ሕግ ስፍራ አለው።

ልብ እንበል! እነዚያው ሽማግሎች፣ ያንኑ ብር አይተው፣ ለሽርክናው ሲመሰክሩ ሊሰሙ ይችላሉ፤ ለብድሩ ሲመሰክሩ ግን ሕጉ ይመልሳቸዋል። ስለዚህ ድሉን የሚወስነው የምስክሩ ብዛት ሳይሆን የገንዘቡ ስም ነው።

ሕጉ ጽሑፍን ያስቀደመው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው ይረሳል፤ ለዘመዱ ያደላል፤ በጉቦም ይደለላል። ቢሆንም አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በ1952 ዓ.ም. 500 ብር ብዙ ገንዘብ ነበር፤ የትንሹ ሰው ብድር ከዚያ በታች ስለሚውል በምስክር ይረጋገጥ ነበር። ዛሬ በዚህ ገንዘብ አንድ በግ አይገዛም። ሕጉ ለድኻው የተወለት ጠባብ መንገድ በብሩ መርከስ ተዘግቷል ማለት ነው። ፊደል ያልቆጠረው አበዳሪ ሽማግሎቹን ተማምኖ ይሄዳል፤ ባዶ እጁንም ይመለሳል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ወሰኑ በጊዜው ዋጋ እንዲታረም መጠየቅ ተገቢ ነው። እስከዚያው ግን ከእኛ ከተማሪዎች የሚጠበቅ ሥራ አለ። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ ለወላጆቻችንና ለጎረቤቶቻችን ውል እንጻፍላቸው። ቀኑ፣ የገንዘቡ ልክ በአኃዝና በፊደል፣ መዋጮ ወይም ብድር መሆኑ፣ የትርፍና የኪሳራው ድርሻ ይጻፍ። ተዋዋዮቹና ሁለት እማኞች ይፈርሙበት። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ግን በቁጥር 1728 መሠረት በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም፤ ስለዚህ ሰውየውን ይዞ እዚያ መሄድ ያስፈልጋል። ዕዳው ሲከፈልም ደረሰኝ ይያዝ።

ወረቀት መጻፍ ባልንጀራን መጠርጠር የሚመስለው ብዙ ነው። እኛ ግን የባልንጀርነት አጥር ነው እንላለን፤ ኪሳራ በመጣ ቀን ሁለቱ ሰዎች ገንዘባቸውን ቢያጡ እንኳ እርስ በርሳቸው አይተጣጡም።