የአቦ ሸማኔ ግልገል በሰው ቤት

ከአፍሪካ ቀንድ ዱር ተሰርቀው በዓረብ አገሮች ለቤት መዝናኛ ከሚሸጡት የአቦ ሸማኔ ግልገሎች ብዙዎቹ የሚያልፉት በሶማሊላንድ በኩል ነው። የተያዙትን ለማሳደግ የአቦ ሸማኔ ጥበቃ ፈንድ ከመንግሥቱ ጋራ በሐርጌሳ መጠለያ አቁሞ ነበር፤ በ2023 እ.ኤ.አ. እንስሶቹ ከከተማው ውጭ ወደ ጌድ ደብሌ ተዛወሩ።

ከነጋዴ እጅ የሚገኘው ግልገል አብዛኛውን ጊዜ በረኀብ የተጎዳ ነው። ገና የእናቱን ጡት ሲሻ ይነጠቃልና። የሚገዛውም ሰው ቀይ ሥጋ ብቻ ቢያበላው አይጠቅመውም፤ ሥጋ ፎስፈረስ ሲበዛበት ካልሲየም እጅግ ያንሰዋልና የግልገሉ አጥንት ይለሰልሳል፣ ይጎብጣል፣ በቀላሉም ይሰበራል። በዱር ግን ከሥጋው ጋራ ጉበትና ስስ አጥንት ይበላል።

ይህ ነገር ድመት ለሚያሳድግ ሁሉ ትምህርት ነው፤ ድመትም የዚያው ወገን ናትና። በሥጋና በዓሣ የሚገኘውን ታውሪን ብታጣ ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧም ይደክማል፤ ስለዚህ እንጀራ በሽሮ አይበቃትም። ሽንኩርት የገባበት ወጥ የድመትንም የውሻንም ደም ይጎዳል፤ የተቀቀለ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

ድመት ያለው ሰው ምግቧን ሊያስተካክል ይችላል። አቦ ሸማኔ የገዛ ሰው ግን ቢያጠግበው እንኳ ሜዳውን ሊሰጠው አይችልም።