የቀድሞ ወታደሮች በሆስፒታል አገልግሎት የሚረኩት መቼ ነው?

ሁለት ታካሚዎች በአንድ ክፍል ተኝተው፣ በአንድ ሐኪም ታክመው ሲወጡ አንደኛው ሲያመሰግን ሌላው ሊያማርር ይችላል። ልዩነቱ ከምን ይመጣል? ይህን ጥያቄ በስፋት ከሚያጠኑት ተቋማት አንዱ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። መሥሪያ ቤቱ 170 ያህል የሕክምና ማዕከላት አሉት፤ በአገልግሎቱ የተመዘገቡትም ከ9 ሚሊዮን ይበልጣሉ።

ከሆስፒታል ለወጡ ታካሚዎች የሚላከው መጠይቅ «ረክተዋል ወይ?» በማለት ብቻ አያበቃም። ሐኪሞችና ነርሶች በጥሞና ማዳመጣቸውን፣ ታካሚው ሲጠራ ፈጥነው መድረሳቸውን፣ የክፍሉን ንጽሕናና የሌሊቱን ጸጥታ፣ ስለ መድኃኒቱና ቤት ከገባ በኋላ ስለሚያደርገው ጥንቃቄ በቂ ማብራሪያ መሰጠቱን ይመረምራል። ከእነዚህ መካከል ከእርካታ ጋር በጥብቅ ተያይዞ የሚገኘው መደማመጥ ነው።

ሆኖም ሁሉም ነገር በሆስፒታሉ እጅ አይደለም። በዕድሜ የገፉ ታካሚዎች ከወጣቶቹ፣ ጤንነታቸው ደህና እንደሆነ የሚሰማቸውም ሕመም ከጸናባቸው የተሻለ ነጥብ የመስጠት ዝንባሌ አላቸው። እርካታ ታካሚው ባገኘውና በጠበቀው መካከል ያለውን ርቀት ያመለክታልና። ስለሆነም ወጣቶችና ጽኑ ሕሙማን የሚበዙበት ሆስፒታል ሕክምናው ሳያንስ ዝቅተኛ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። ተመራማሪዎች ሆስፒታሎችን ከማወዳደራቸው በፊት ይህን ልዩነት በስታቲስቲክስ ዘዴ የሚያስተካክሉት ለዚህ ነው።

ስሌት የማያስተካክለው ጉድለትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሪዞና ግዛት፣ በፊኒክስ ከተማ የተካሄደው ምርመራ እንዳሳየው፣ በናሙና የተወሰዱ 226 የቀድሞ ወታደሮች የመጀመሪያ ቀጠሯቸውን ለማግኘት በአማካይ 115 ቀናት ጠብቀዋል፤ ሪፖርት የተደረገው ግን 24 ቀን ነበር። ወደ 1,700 የሚጠጉት ደግሞ ስማቸው በይፋዊው የወረፋ መዝገብ ላይ አልሰፈረም። በዚያው ዓመት የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ኤሪክ ሺንሴኪ ከሥልጣን ለቀቁ፤ ብዙ የሚጠብቁና ርቀው የሚኖሩ የቀድሞ ወታደሮች በግል ሐኪሞች ዘንድ እንዲታከሙ የሚፈቅድ ሕግም ወጣ።

ልብ እንበል፦ ተኝተው ታክመው ለወጡት የተዘጋጀ መጠይቅ በር ላይ የቀሩትን አይጠይቅም። ስለዚህ የእርካታ አኃዝ ስናነብ የተጠየቁት ምን እንዳሉ ብቻ ሳይሆን ሳይጠየቁ የቀሩት እነማን እንደሆኑም መመርመር ይኖርብናል።